ወደ ኋላ የዞረው ጅረት

በዚያ ዘመን የመግነጢስ መዝገብ ማለት አንድ ረጅም የፎቶ ወረቀት ነበር። ብርሃን በማይገባበት ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ ማግኔት በቀጭን ክር ትንጠለጠላለች፤ ከእሷ ጋር የተያያዘች መስታወት የብርሃን ነጥብ ታንጸባርቃለች፤ ነጥቧም ቀስ እያለ በሚዞር በርሜል ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ላይ ታርፋለች። በ24 ሰዓት አንድ መስመር ይሠመራል። በማግስቱ ወረቀቱ ታጥቦ ሲወጣ የምድር መግነጢስ ትናንት እንዴት እንደዋለና እንዳደረ ይነበባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ንባብ የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1958) ነው። ቦታው አራት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ ሲሆን ጣቢያውን ያቋቋሙት የፊዚክስ መምህሩ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። የዘወትሩ መስመር ለሚያውቀው ሰው ብዙም አያስገርምም። ሌሊቱን ሳይዋዥቅ ያድራል። ጎሕ ከቀደደ በኋላ መውጣት ይጀምርና ወደ እኩለ ቀን ግድም ከሌሊቱ ልክ 100 ናኖቴስላ ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብሮ ይወርድና ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

አንዳንድ ቀን ግን መስመሩ ቦታው ላይ አይቆምም። ፀሐይ ገና በሰማይ ሳለች ከሌሊቱ ልክ በታች ይወርዳል፤ ለተወሰኑ ሰዓታት እዚያው ይቆይና ይመለሳል። እንዲህ ያለ ውድቀት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመግነጢስ ማዕበል ነው፤ ማዕበል በምድር ዙሪያ ያለውን መግነጢስ ዝቅ እንደሚያደርግ በደንብ ይታወቅ ነበርና። ነገር ግን እነዚያ ቀናት የማዕበል ቀናት አልነበሩም። በመዝገቡ ጸጥተኛ ከሚባሉት ቀናት መካከል ነበሩ። ማዕበል ካልሆነ ታዲያ ምን አወረደው?

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደነበረ ለመረዳት ወደ ፔሩ መሻገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የዋሽንግተኑ ካርኔጊ ተቋም በአንዲስ ተራሮች መካከል ሁዋንካዮ በምትባል ከተማ የመግነጢስ ጣቢያ ከፈተ። የዚያ ጣቢያ መስመር በየቀኑ ይወጣ የነበረው ሳይንቲስቶቹ ከጠበቁት እጅግ አልፎ ነበር። ለብዙ ጊዜ የፔሩ ጠባይ ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ዴንማርካዊው ኤጌዳል የተለያዩ ጣቢያዎችን መዝገብ ሰብስበው ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ግን ትልቁ ለውጥ በአንድ ጠባብ ቀበቶ ላይ ተሰልፎ ተገኘ። ቀበቶው በካርታ ላይ የምናውቀውን የምድር ወገብ አይከተልም። የሚከተለው በነፃነት የተንጠለጠለች የመግነጢስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳታዘነብል የምትተኛበትን መስመር፣ የመግነጢስ ምድር ወገብን ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲድኒ ቻፕማን በዚህ ቀበቶ ላይ የሚፈሰውን የኤሌክትሪክ ጅረት ኤሌክትሮጄት ብለው ሰየሙት።

የመልክዓ ምድሩ ወገብ በኬንያ ሲያልፍ፣ የመግነጢሱ ወገብ ግን ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ኢትዮጵያን ያቋርጣል። ቀበቶው በመስመሩ ግራና ቀኝ በእያንዳንዱ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነች ከእሷ በስተ ምዕራብ ያሉት ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ በሙሉ በጅረቱ ሥር ናቸው። ለንደን ላይ የመግነጢስ መርፌ አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች፤ አምቦ ላይ ግን ተጋድማ ትተኛለች ማለት ይቻላል።

ከፍታውን ለመገመት የምዕራብ ሸዋ ሰው ከሚያውቀው መንገድ የተሻለ መለኪያ የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው አስፋልት ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቢቆም፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ ከመግባታችን በፊት፣ 105ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኤሌክትሮጄቱ መሃል እንገኛለን። አየሩ ከሁሉ በላይ በፕላዝማ የተሞላበትን ንብርብር ለማግኘት ደግሞ ጌዶንና ባኮን አልፈን ወደ ነቀምቴ መጠጋት ይኖርብናል፤ 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአተሞች ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖችና የቀሩት አዮኖች ተደባልቀው ፕላዝማ የሚባለውን ይፈጥራሉ። ነፋስ ይህን ፕላዝማ በምድር መግነጢስ መካከል ሲገፋው ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ስኮትላንዳዊው ባልፎር ስቱዋርት ከላይ ያለው አየር ኤሌክትሪክ አመንጪ መሆን አለበት ብለው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ ዛሬ አዮኖስፌር የሚባለው ይህ ንብርብር መኖሩ በሬዲዮ ሞገድ ከመረጋገጡ አርባ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

የመግነጢስ ምድር ወገብ ላይ ግን ተጨማሪ ነገር አለ። የመግነጢሱ መስመሮች እዚያ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጋድመው ያልፋሉ። ቀን ቀን የኤሌክትሪኩ ግፊት ወደ ምሥራቅ ነው። በ105 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይህ ግፊት ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ሲያነሳቸው፣ ከባዶቹ አዮኖች ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የንብርብሩ አናትና ታች መውጫ ስለማይሰጥ የኤሌክትሪክ ሙል በሁለቱም በኩል ይከማቻል። ክምችቱም በተራው ኤሌክትሮኖቹን በኃይል ወደ ምዕራብ ይነዳቸዋል። ኤሌክትሮን ወደ ምዕራብ ሲሄድ ጅረቱ ወደ ምሥራቅ ፈሰሰ ይባላል፤ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጅረት ደግሞ ከሥሩ ባለው መሬት ላይ ሰሜን ጠቋሚውን መግነጢስ ያጠናክራል። በአራት ኪሎው ወረቀት ላይ መስመሩን በየቀኑ ሽቅብ የሚያወጣው ይኸው ነው። በአዲስ አበባ አግድሙ መግነጢስ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን ጅረቱ የሚጨምርለት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ጣቢያ የተከፈተው ለዚህ ጅረት ሲባል ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 ከ60 በላይ አገሮች የተባበሩበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ፣ በመግነጢስ ምድር ወገብ ላይ ጣቢያ ማግኘት ከዋና ዋናዎቹ ፍላጎቶች አንዱ ነበር፤ በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የተመቸ ቦታ አልነበረም። ተቋሙ በኋላ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናቱ ነው፤ አባ ጉዋን ራሳቸው የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። መነሻው ግን ሰማይ ነበር።

አሁን ወደዚያ አስቸጋሪ መስመር እንመለስ። ጅረቱ ቢዳከም መስመሩ ሳይወጣ ይቀራል እንጂ ከሌሊቱ ልክ በታች አይወርድም። ሌሊት ጅረቱ ከሞላ ጎደል የለም፤ ከባዶ በታች የሚያወርደው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፦ ጅረቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ምዕራብ መፍሰስ አለበት። አባ ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1962 ይህንኑ የመስመሩን መገልበጥ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አድርገው አወጡ፤ በርዕሱም ላይ የአዲስ አበባ ስም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1967 ከሌላው ኢየሱሳዊ ካህንና የመግነጢስ ሊቅ ከፈረንሳዊው ፒየር ኖኤል ማዮ ጋር ሆነው በፈረንሳይኛ በጻፉት ጥናት ክስተቱ ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚል ስም አገኘ። ዛሬ በዓለም ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፍ ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ጽሑፎች ነው።

ማረጋገጫው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በፔሩና በሕንድ የሚገኙ ራዳሮች የሬዲዮ ሞገድ ወደ ላይ እየላኩ ፕላዝማው ወዴት እንደሚንቀሳቀስ መለካት ጀመሩ። በዘወትሩ ቀን ፕላዝማው ከፍ ይላል። ተቃራኒው ጅረት ሲፈስ ግን ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ለነቀምቴው ከፍታም ትርጉም አለው። በጤናማ ቀን ከኢትዮጵያ በላይ ያለው ፕላዝማ ሽቅብ ይነሣና የመግነጢስ መስመሮችን ተከትሎ በሁለቱም ወገን ይንሸራተታል፤ በሰሜን ከአስዋን አካባቢ በላይ፣ በደቡብ ከታንዛኒያ በላይ ይከማቻል። ኤድዋርድ አፕልተን እነዚህን ሁለት ክምችቶች እ.ኤ.አ. በ1946 ገልጸዋቸዋል። ጅረቱ ሲገለበጥ ይህ ጉዞም ይቋረጣል።

ጸጥ ያለውን ቀን የሚገለብጠው ከታች የሚመጣ ነፋስ እንደሆነ ቀስ በቀስ ታወቀ። ጨረቃ በባሕር ላይ እንደምታደርገው ሁሉ አየሩንም ትስባለች፤ የዚህ ስበት ምት ከፀሐይ ሙቀት ጋር ተደርቦ በላይኛው ነፋስ ላይ ይታያል። በኋላ ደግሞ በሰሜኑ የብርድ ወራት በሰሜን ዋልታ ላይ ድንገት የሚሞቀው አየር ሳይቀር የወገቡን ጅረት እንደሚያዛባ ታይቷል።

የመግነጢስ ማዕበልስ? ሌላው የታሪኩ ክር በአጋጣሚ የሚጀምረው በዚያው በ1950 ዓ.ም. ነው። ጥር 23 ቀን አሜሪካ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1ን አመጠቀች፤ ጄምስ ቫን አለን በሳተላይቷ መሣሪያ አማካይነት በምድር መግነጢስ የታሰሩ ብርቱ የቅንጣት ቀበቶዎች መኖራቸውን አገኙ። ከዚያ ወዲህ የማዕበሉ አካሄድ ቅርጽ ያዘ። ከፀሐይ የተወረወረ የፕላዝማ ደመና መግነጢሱ ወደ ደቡብ ዞሮ ከደረሰ ከምድር መግነጢስ ጋር ይያያዛል፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ምድርን እንደ ቀለበት የሚዞር ጅረት ይበረታል። ይህ ቀለበት የሚፈስበት አቅጣጫ ወደ ምዕራብ ስለሆነ መሬት ላይ ያለውን መግነጢስ በሁሉም ቦታ ዝቅ ያደርጋል።

ቀለበቱ የሚሠራው ከምንድን ነው? ለረጅም ጊዜ መልሱ ግልጽ ይመስል ነበር፤ ከፀሐይ በመጣ ሃይድሮጅን። እ.ኤ.አ. በ1972 ግን ኤድዋርድ ሼሊና ባልደረቦቻቸው በሳተላይት የለኩት ሌላ ነገር አሳየ። በማዕበል ጊዜ ከሚዘንቡት ብርቱ አዮኖች መካከል በብዛት ኦክስጅን ተገኘ። የፀሐይ ነፋስ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹም ከሞላ ጎደል ተነጥቀውበታል። የተገኘው ግን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ የጎደለው ነበር፤ የዚህ ዓይነቱ መነሻ የራሳችን አየር ነው። ማዕበሉ ከላይ ወርዶ ከመምታት አልፎ የምድርን አዮኖስፌር ወደ ላይ እየሳበ ያግለዋል፤ ያንኑም መልሶ የማዕበሉ አካል ያደርገዋል። በታላላቅ ማዕበሎች ላይ የዚህ የምድር ኦክስጅን ድርሻ ከሃይድሮጅኑ ሊበልጥ እንደሚችል በኋላ የተላኩ ሳተላይቶች አረጋግጠዋል።

ጉልበቱ ከዋልታ አካባቢ ወደ ወገቡ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፈጣን ነው። ጃፓናዊው አፅሂሮ ኒሺዳ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳዩት በዋልታ አጠገብ የሚታየው የመግነጢስ መዋዠቅ በወገቡም ላይ በተመሳሳይ ምት ይታያል፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት ሳይዘገይ ዘልቆ ይገባል። ይህ ግፊት ቀን ላይ መጀመሪያ ጅረቱን ወደ ምሥራቅ ያበረታዋል፤ የፀሐይ ደመና መግነጢስ በድንገት ወደ ሰሜን ሲዞር ደግሞ ይገለብጠዋል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። ሚሼል ብላንና አርተር ሪችመንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረቡት ስሌት መሠረት ማዕበሉ የዋልታውን አየር ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ወገቡ ይነፍሳል፤ ከሰዓታት በኋላ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ከዘወትሩ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ማዕበል በመጣ ማግሥት፣ ዋናው ግርግር ሲበርድ፣ በአምቦ ሰማይ ላይ ያለው ጅረት ወደ ኋላ ሊዞር ይችላል።

የአራት ኪሎው ግኝት ትርጉሙ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። በማዕበል ቀን መስመሩን የሚያወርዱት ሁለት ናቸው፤ ምድርን የከበበው ቀለበትና የተገለበጠው ኤሌክትሮጄት። አንድ ጣቢያ ብቻውን ሁለቱን መለየት አይችልም። የጅረቱ መዞር በማዕበሉ ውድቀት ውስጥ ተውጦ ይቀራል። አባ ጉዋን ሊያዩት የቻሉት ወረቀቱ ላይ ሌላ ምንም ባልነበረበት ቀን ስለመጣ ነው። በፔሩም ቢሆን በማዕበል ቀናት መዝገብ ብቻ ቢፈለግ ኖሮ መገኘቱ አጠራጣሪ ነበር።

ለመለየት ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ብዙም ያልራቀ፣ ግን ከጠባቡ ቀበቶ ውጭ ያለ። ቀለበቱ ሁለቱንም ጣቢያዎች ከሞላ ጎደል እኩል ያወርዳል፤ ኤሌክትሮጄቱ ግን የሚነካው አንዱን ነው። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የጋራው ይጠፋና ጅረቱ ለብቻው ይቀራል። ለኢትዮጵያ ይህን ጥንድ ያስገኘው ኢትዮጵያዊው የጠፈር ፊዚክስ ተመራማሪ ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው ከማርክ ሞልድዊን ጋር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአፍሪካ የዘረጉት አምበር የተባለው የማግኔቶሜትር መረብ ነው። ከጣቢያዎቹ አንዱ የተተከለው አዲግራት ላይ ሲሆን ከአዲስ አበባው አሮጌ ጣቢያ ጋር ተጣምሮ ያነባል። ከፎቶ ወረቀት ይልቅ ዲጂታል ቁጥር ይመዘግባል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ጥንዱ መልስ ብቻ ሳይሆን እንቆቅልሽም ይዞ መጣ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር ውስጥ ፕላዝማ የሳሳባቸው አረፋዎች ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የሳተላይት ምልክት በእነሱ ሲያልፍ ይርገበገባል። እንደ ቆየው አስተሳሰብ አረፋ የሚበዛው ፕላዝማው በብርታት በሚነሣበት፣ ኤሌክትሮጄቱም በሚጠነክርበት ቦታ ነው። ሳተላይቶች ሲቆጥሩ ግን አረፋ ከየትኛውም አህጉር ይልቅ በአፍሪካ ላይ በዝቶ ተገኘ፤ የመሬቱ ልኬት ደግሞ ኤሌክትሮጄቱ በአፍሪካ ከደቡብ አሜሪካው የደከመ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ኅብረት አንዱን የቻፕማን ጉባኤውን ወደ አዲስ አበባ ያመጣው ይኸው የጠፈር አየር ጠባይ ከኬንትሮስ ኬንትሮስ መለያየቱ አከራካሪ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ በሚባለው ላቦራቶሪው ይህንኑ ሰማይ ያጠናል።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ የጂፒኤስ ሳተላይት የሚመጣ ምልክት ጉደር ላይ መሬት ለሚለካ ባለሙያ የሚደርሰው ይህን ፕላዝማ ሰንጥቆ ነው። ፕላዝማው ሲበዛ ምልክቱ ይዘገያል፤ ፀሐይ በበረታችባቸው ዓመታት በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ መቀበያ በቀን አሥር ሜትርና ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። አረፋ ካለ ደግሞ ምልክቱ ጨርሶ ይቋረጣል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የልደታ ማግሥት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ከሃያ ዓመት ወዲህ ታላቁ የመግነጢስ ማዕበል ምድርን መታ። የምድር ወገብ አካባቢ መግነጢስ ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወረደ። ሜክሲኮ ድረስ የዋልታ ብርሃን ታየ፤ በአሜሪካ በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮች በዘር ወቅት ቆሙ። ኢትዮጵያ ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የዚህ ሰማይ ማዕበል የሚታወቀው በመሣሪያ ብቻ ነው።

በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች የዚያን ማዕበል ውጤት የሚያሰሉት ከፊቱ ከነበሩት ጸጥ ያሉ ቀናት ጋር እያነጻጸሩ ነው፤ ጸጥታው ካልተመዘገበ ማዕበሉ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቅበት ሌላ ልክ የለም። አራት ኪሎ ላይ ጅረቱ ሲዞር የተያዘው የማዕበል አዳኝ በጥበቃ ላይ ስለነበረ አይደለም፤ ምንም በማይጠበቅበት ቀንም ወረቀቱ ይታጠብና ይነበብ ስለነበረ ነው። በአፍሪካ ላይ አረፋው ለምን እንደሚበዛ፣ ጅረቱ ለምን እንደሚደክም ገና የተስማሙበት መልስ የለም። መልሱን የሚያገኘው ትውልድ ከአዲስ አበባና ከአዲግራት ሌላ በምዕራቡም በኩል፣ በነቀምቴው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፣ በየቀኑ የሚነበብ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ በተለይም ምንም በማይሆንበት ቀን።